ደረሰኙ፣ ፌስታሉና ሎሽኑ፦ ቆዳን ከፕላስቲክ ሆርሞን አዛቢዎች ለመጠበቅ ከየት ይጀምሩ?

ቦርሳዎ ውስጥ ከሱፐርማርኬት የተቀበሉት ደረሰኝ ካለ ያውጡትና የታተመበትን ገጽ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ጥቁር ወይም ግራጫ መስመር ከወጣ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ነው። የማተሚያ ማሽኑ ቀለም አይሞላበትም፤ ቀለሙ አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ተቀብቷል፣ ማሽኑ የሚያደርገው ማሞቅ ብቻ ነው። ሲሞቅ ቀለሙን የሚያወጣው ዱቄት በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ቢስፌኖል ኤ፣ በአጭሩ ቢፒኤ፣ ሆኖ ቆይቷል። ጠንካራና ጥርት ያለው ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ የሚሠራው፣ የምግብ ቆርቆሮ ውስጠኛ ገጽም ለረጅም ጊዜ ሲለበጥ የቆየው በዚሁ ኬሚካል ነው።

ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ቢፒኤ እርስ በርሱ ተሳስሮ ረጅም ሰንሰለት ስለሚሆን የሚያመልጠው ጥቂቱ ነው። ደረሰኝ ላይ ያለው ግን አልተሳሰረም፤ ከወረቀቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ሆኖ እንደ ልቅ ዱቄት ተቀምጧል። ስለ ፕላስቲክና ስለ ቆዳ የሚናገር መመሪያ ከወረቀት መጀመሩ ለዚህ ነው።

ቤትዎ ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ ይጣሉ አልልም። ብልም የሚሰማኝ የለም፤ ባልዲው፣ ጆጉ፣ ጀሪካኑ፣ የልጁ የምሳ ዕቃ ሁሉም ፕላስቲክ ነው። እኔ የምለው፣ ኬሚካሉን ከዕቃው ወደ ሰው የሚያሻግሩት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ ቅባትና ቆይታ። ቀዝቃዛና ደረቅ ነገር ለአጭር ጊዜ የያዘ ፕላስቲክ ብዙም አያሳስብ። ትኩስ ነገር፣ ቅባት ያለው ነገር፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነገር ካለበት ግን ጥንቃቄው እዚያ ይሁን።

መጀመሪያ ቆዳውን ይወቁት

የቆዳ የላይኛው ሽፋን የሞቱ ህዋሳት ንብርብር ነው። አብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ሲሆን መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። አሠራሩ የጡብ ግንብ ይመስላል፤ ጡቦቹ የደረቁት ህዋሳት፣ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ዝናብ ሲመታን ውኃው ወደ ውስጥ የማይዘልቀው በዚህ ስብ ምክንያት ነው። ከስብ ጋር የሚስማማ ትንሽ ሞለኪውል ግን በጭቃው መሐል ይሾልካል። በቆዳ በኩል የሚሰጥ መድኃኒት የሚቀምሙ ባለሙያዎች ልማዳዊ መለኪያ አላቸው፤ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች የሆነ ሞለኪውል የማለፍ ዕድል አለው ይላሉ። ቢፒኤ 228 ዳልተን ነው። ፕላስቲክን ለማለስለስና ሽቶን ለማቆየት ከሚገቡት ፍታሌት ከሚባሉት ኬሚካሎች ዲቡታይል ፍታሌት 278 ነው።

ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሕያዋን ህዋሳት ሆርሞን ይሰማሉ። ቆዳን የሚያድሱት ኬራቲኖሳይቶች፣ ኮላጅን የሚሠሩት ፋይብሮብላስቶች፣ ወዝ የሚያመነጩት እጢዎች ሁሉም የኤስትሮጅን ወይም የቴስቶስትሮን መልእክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ለዚህ ማስረጃ ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልግም። ጎረምሳና ኮረዳ ፊታቸው ላይ ብጉር የሚወጣው የወንዴ ሆርሞን የወዝ እጢዎችን ስለሚቀሰቅስ ነው። ሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የቆዳቸውን ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ሊያጡ የሚችሉት ኤስትሮጅኑ ስለሚቀንስ ነው።

ቢፒኤ ሆርሞን የሚመስልና የሆርሞንን መልእክት የሚያዛባ ጠባይ እንዳለው የታወቀውም ዛሬ አይደለም። ኬሚካሉን በ1891 እ.ኤ.አ. የሠራው ሩሲያዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ዲያኒን ነው። በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዶድስ ለኤስትሮጅን ሰው ሠራሽ ምትክ ሲፈልግ ቢፒኤን ሞከረው፤ እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል፣ ነገር ግን ደካማ ነው ብሎ ወደ ሌላ ዞረ። ፕላስቲክ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። እውነት ነው፣ ከራሳችን ኤስትሮጅን በሺዎች እጥፍ ይደክማል። ችግሩ በየቀኑ መምጣቱ ነው። በዚያ ላይ ከኤስትሮጅን ተቀባዮች ውጭ ያሉ ሌሎች ተቀባዮችንም ይነካል። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሰውና የአሳማ ቆዳ ቁራጭ በሕይወት አቆይተው ቢፒኤ ሲቀቡበት ኬሚካሉ ቆዳውን ዘልቆ አልፏል፤ የቆዳው ህዋሳትም በመንገዱ ላይ ከፊሉን ሰብረው ወደሚወገድ መልክ ለውጠውታል። ስለዚህ ቆዳ በር ብቻ አይደለም፣ ሠራተኛም ነው።

ፍታሌቶቹ በሌላ በኩል ይመጣሉ። ሰውነት ሲሰብራቸው የሚወጡት ውልዶች ወዝ በሚያመነጩት ህዋሳት ውስጥ ስብ የመሥራትን ሥራ የሚመሩ ተቀባዮችን ያነቃሉ። በስዊድን ቨርምላንድ አውራጃ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ መኝታ ቤታቸው አቧራ ውስጥ ቡቲልቤንዚል ፍታሌት የበዛባቸው ልጆች ላይ ችፌና የአፍንጫ አለርጂ በብዛት አግኝቷል። ይህ ዝምድና እንጂ ፍርድ አይደለም። በሳህን ላይ ባሉ ህዋሳት የሚደረጉ ሙከራዎችም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መጠን ሰው በኑሮው ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ አይደንግጡ፤ ቀላሉን ያድርጉ።

አንደኛ፦ እጅዎንና ደረሰኙን ያለያዩ

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት እንዲህ አሳየ፦ ደረቅ እጅ እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ለ5 ሰከንድ ሲይዝ ወደ ሁለት ጣቶች የሚያልፈው ቢፒኤ አንድ ማይክሮግራም ገደማ ነው። ጣቶቹ እርጥብ ወይም በጣም ቅባታም ከሆኑ ግን 10 እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ የቅባትን ጉልበት ይዩት። ሎሽን የተቀባ፣ በሳኒታይዘር የረጠበ፣ ከጥብስ የተነሳ እጅ ደረሰኝ ሲይዝ ከደረቅ እጅ ጋር አንድ አይደለም። ሳኒታይዘር ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ በውስጡ ያለው አልኮልና ማለስለሻ የቆዳውን ስብ ከፍቶ ኬሚካሉን ያሳልፋል።

ስለዚህ ደረሰኝ የማያስፈልግዎት ከሆነ አይቀበሉ። ለሒሳብ የሚፈልጉት ከሆነ የታተመበትን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈው፣ ጫፉን ይዘው፣ በአንድ ፖስታ ውስጥ ያኑሩት። ከብር ኖት ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይክተቱት፤ ቢፒኤው ወደ ገንዘቡ ይተላለፋል፣ በተለያዩ አገሮች የወረቀት ገንዘብ ላይም ተገኝቷል። ሕፃን እንዲጫወትበት አይስጡ። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ ከፍለው ደረሰኙን ከያዙ በኋላ ቆሎ መቆርጠም ወይም ልጅ ማጉረስ ካሰቡ መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ ከጀርም ሌላ ለዚህም ይጠቅማል። ሳኒታይዘር ግን የሳሙናን ቦታ አይተካም፤ ኬሚካሉን አያነሳውም።

ቀኑን ሙሉ ካሽ ሬጂስተር ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ነገሩ ከደንበኛው የተለየ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 24 ፈቃደኞች ለሁለት ሰዓት ደረሰኝ ሲያገላብጡ ሽንታቸው ውስጥ ያለው ቢፒኤ በአማካይ ከ1.8 ወደ 5.8 ማይክሮግራም በሊትር ከፍ አለ፤ ጓንት ሲያደርጉ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ካናዳ ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራም በቆዳ የገባ ቢፒኤ በምግብ ከገባው ይልቅ ለብዙ ቀናት በሽንት ሲወጣ እንደሚቆይ አሳይቷል። ስለዚህ የናይትራይል ጓንት ይጠቀሙ፤ ጥቅልሉን ሲቀይሩ ብቻ ቢሆንም ይጠቅማል። ነጩ፣ ለስላሳው፣ ቪኒል የሚባለው ርካሽ ጓንት ግን ራሱ ብዙ ጊዜ በፍታሌት የለሰለሰ፣ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። ጓንት ከሌለ የእጅ ቅባቱን ሥራ ሲገቡ ሳይሆን ከሥራ ሲወጡ፣ እጅዎን ታጥበው ይቀቡ።

ሥራ አስኪያጅ ወይም ባለሱቅ ከሆኑ የወረቀት ጥቅልል ሲገዙ ይጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ቢፒኤ ከ0.02 በመቶ እንዳያልፍ ከልክሏል። «ከቢፒኤ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ግን ብቻውን አያሳምንዎ፤ ብዙ አምራቾች የተኩት በወንድሙ በቢስፌኖል ኤስ ነው፣ እሱም ሆርሞን ይመስላል። ስዊዘርላንድ ሁለቱንም ከደረሰኝ ወረቀት አግዳለች። «ከቢስፌኖል ሁሉ ነፃ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ለሰዓታት የሚቀቡትን ይፈትሹ

እዚህ ላይ ሦስቱም፣ ማለትም ቅባቱ፣ የሰውነት ሙቀትና ቆይታው፣ አንድ ላይ ይገናኛሉ። በዴንማርክ 26 ወጣት ወንዶች ሁለት ዓይነት ፍታሌትና ፓራበን ከሚባሉት ክሬም እንዳይበላሽ ከሚገቡ ኬሚካሎች አንዱ የተጨመረበት ክሬም መላ ሰውነታቸውን ሲቀቡ ኬሚካሎቹ በሰዓታት ውስጥ ደማቸው ውስጥ ተገኝተዋል። የሚያጽናናው ደግሞ ቶሎ መውጣታቸው ነው። በካሊፎርኒያ ሳሊናስ 100 ወጣት ሴቶች ለ3 ቀን ብቻ ሽቶ፣ ፓራበንና መሰል ኬሚካሎች የሌሉባቸውን መዋቢያዎች ተጠቅመው ሽንታቸው ሲመረመር የአንዱ ፍታሌት ውልድ በ27 በመቶ፣ ሜቲል ፓራበን በ44 በመቶ ቀንሷል። በ3 ቀን!

ስለዚህ የሎሽኑን ጀርባ ያንብቡ። «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» የሚል ቃል ካለ በዚያ ስም ሥር ብዙ ኬሚካል ሊሸፈን ይችላል፤ ሽቶው እንዲቆይ የሚያደርገው ዲኢታይል ፍታሌት ከነዚህ አንዱ ነው። ሰውነትዎን በሙሉ የሚቀቡት፣ በተለይ ለሕፃን የሚቀቡት፣ ሽታ የሌለው ይሁን። ሽቶ መተው አለብኝ ብለው አይጨነቁ፤ ልብስ ላይ ይርጩት እንጂ አንገትና ደረት ላይ አይርጩት።

የጸጉር ቅቤም አለ። ለጋ ቅቤ ከገበያ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ በፕላስቲክ ሳህን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይቀልጣል፣ ከዚያ ጭንቅላት ላይ ተቀብቶ ከላይ ሌላ ፌስታል ይታሰርበታል፤ ሌሊቱንም እንደዚያው ያድራል። ቅቤው አይደለም ጥፋቱ። ቤት እንደገባ ወደ ብርጭቆ ብልቃጥ ወይም ወደ ሸክላ ይገልብጡት፣ በብረት ድስት ያቅልጡት፣ ጭንቅላትዎን ደግሞ በነጠላ ወይም በጥጥ ሻሽ ይሰሩት። ለሎሚ፣ ለአብሽና ለሌላው የቤት ቅባትም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፦ ማድ ቤቱን በቁጥር ይለዩ

ምግብ ቆዳን ምን አገናኘው የሚል ሊኖር ይችላል። የቆዳን ጥልቅ ሽፋን፣ ኮላጅን የሚሠሩትን ህዋሳት የሚመግበው ደም ነው፤ ከውጭ በመዳፍ ከሚገባው ይልቅ በአፍ የሚገባው ለብዙዎቻችን ይበልጣል። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 5 ቤተሰቦች ለ3 ቀን በፕላስቲክና በቆርቆሮ ያልታሸገ ትኩስ ምግብ ሲበሉ በሽንታቸው ያለው ቢፒኤ በ66 በመቶ ወርዷል።

የዕቃውን ቂጥ ገልብጠው ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 2፣ 4 እና 5 ከምግብ ጋር ቢውሉ የሚሻሉት ናቸው። 3 ፒቪሲ ነው፤ ለምግብ አያድርጉት። 6 ትኩስ ነገር የማይቀመጥበት ነው። 7 የተለያየ ፕላስቲክ የሚታጎርበት ቁጥር ሲሆን ፖሊካርቦኔትም እዚያ ይገኛል፤ ጠንካራ፣ እንደ መስታወት የጠራና 7 ያለበት ከሆነ ይጠርጥሩት። ውኃ ማቀዝቀዣ ላይ የሚገለበጡት ትልልቅ ጋኖች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሃይላንዱ ቁጥር 1 ነው። «ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቢፒኤ ይለቃል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ያ ፕላስቲክ በቢፒኤ አይሠራም። ሲሞቅ የሚለቀው ሌላ ነገር፣ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ነው፤ ስለዚህ ከፀሐይ ያንሱት የሚለው ምክር ምክንያቱ ተሳስቶ እንጂ ውጤቱ ትክክል ነው። ዘይት፣ ጠጅ ወይም የነጠረ ቅቤ ግን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ለወራት አያስቀምጡ።

ትልቁ ለውጥ ግን ፌስታል ላይ ነው። ከምግብ ቤት የሚወሰድ ሽሮ፣ እየፈላ በቀጭን ፌስታል ተቋጥሮ ሲወጣ ሦስቱ ጠላቶች በአንድ ቋጠሮ ገብተዋል። ሳህን ወይም የብረት የምሳ ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ አስተናጋጇ ለአፍታ ብትገረም ነው። የተጋገረ እንጀራ እንፋሎቱ ሳይወጣ ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ፤ ሰፌድ ላይ ይብረድ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ፕላስቲክ አይግባ፣ ማሸጊያው ምንም ቢል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በዛ ለሚል፦ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ሰው በቀን ሊወስድ ይችላል የሚለውን የቢፒኤ መጠን በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.2 ናኖግራም አደረገው። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኅብረቱ ቢፒኤን ከምግብ ማሸጊያዎችና ዕቃዎች ማገድ ጀምሯል፤ ለአምራቾቹ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ።

አራተኛ፦ የሚለበሰውና የሚነጠፈው

አዲስ የፕላስቲክ ጫማ፣ የሻወር መጋረጃ፣ የሕፃን ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ ሲገዙ የሚሸተው ያ ኃይለኛ የላስቲክ ሽታ ዕቃው ገና ኬሚካል እየተነፈሰ መሆኑን ይነግርዎታል። ዴንማርክ ውስጥ 6 ሰዎች ፍታሌት ባለበት ክፍል 6 ሰዓት ተቀምጠው በቱቦ ንጹሕ አየር ብቻ ሲተነፍሱ እንኳ ፍታሌቱ በቆዳቸው ገብቷል፤ መጠኑም ሳንባ ሊያስገባው ከሚችለው የሚቀራረብ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ ታጥቦ ንጹሕ የሆነ ልብስ ይህን እንደሚከላከል፣ በዚያው አየር ውስጥ ተሰቅሎ የከረመ ልብስ ግን እንደሚያባብሰው አሳይቷል።

ስለዚህ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ለጥቂት ቀናት ውጭ ይናፈስ። ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ እግር በላብ ይረጥባል፣ ይሞቃል፣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ የጥጥ ካልሲ ያድርጉበት። ሕፃኑ ላስቲኩ ላይ በቀጥታ አይተኛ፤ በመካከል ሁለት እጥፍ የጥጥ ጨርቅ ይኑር። የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው በጣም ይሰፋል፤ ተመሳሳይ ንክኪ ለእሱ የበለጠ መጠን ማለት ነው። ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ ከማቦነን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ፍታሌቱ አቧራው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ልጅዎ ችፌ ካለበት ግን ይህን ሁሉ ጥፋት ፕላስቲክ ላይ ጥለው ሕክምናውን አይተዉ። የቆዳ ሐኪም ያዘዘውን ይቀጥሉ። «ቶክሲን ያስወጣል» እየተባለ የሚሸጠው ሻይና ጭማቂም አያስፈልግዎትም፤ ጉበትና ኩላሊት ቢፒኤን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያስወግዱታል፣ እርስዎ መግቢያውን ካጠበቡላቸው በቂ ነው።

አምስተኛ፦ ያወጡትን ፕላስቲክ አያቃጥሉ

ከማድ ቤት ያስወጡትን ዕቃ ጓሮ ማቃጠል፣ ከሰል በፌስታል ማያያዝ እስካሁን የሠሩትን ያበላሸዋል። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ በተለይ ፒቪሲ፣ በዝቅተኛ እሳት ሲጨስ ዳዮክሲን የሚባል መርዛማ ኬሚካል ይወጣል። ሆርሞን አዛቢዎች በቆዳ ህዋስ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በሰው ላይ በግልጽ የታየው በዚህ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ሴቬሶ አቅራቢያ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ዳዮክሲን አምልጦ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ክሎራክኒ የሚባል ከባድ የቆዳ በሽታ ያዛቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የዩክሬን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የነበሩት ቪክቶር ዩሽቼንኮ በዚሁ ተመርዘው ፊታቸው በሙሉ ጎደጎደ። የሚሆነው ይህ ነው፦ ዳዮክሲኑ ህዋስ ውስጥ ያለ አንድ ተቀባይን ያነቃና የወዝ እጢ ህዋሳት ወዝ ማመንጨታቸውን ትተው ወደ ደረቅ የቆዳ ህዋስነት ይለወጣሉ፤ እጢውም ኬራቲን በሚባለው ጠንካራ የቆዳ ፕሮቲን የተሞላ ከረጢት ይሆናል። የጓሮ ጭስ ያን ያህል መጠን አይሰጥም፣ ነገር ግን ዳዮክሲን እንደ ቢፒኤ በሰዓታት ወይም በቀናት አይወጣም፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

ከሰሉን በጭራሮ ወይም በደረቅ ካርቶን ያያይዙ። ሃይላንዱንና ጀሪካኑን ለቆራሌው ይስጡት። መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያቃጥል ጎረቤት ካለ ልባሱን በቢላዋ ገፍፎ እንዲያወጣው ይንገሩት። ቆራሌው የማይወስደውን የተሰነጠቀ ቱቦና አሮጌ የፕላስቲክ ጫማ ለብቻው በማዳበሪያ ቋጥረው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ያስረክቡ።